ሁሉም ሳይዝ የማያነሡት ጋሽ ደምሴ

አቶ ደምሴ ቶላ፣ ሁላችንም ጋሽ ደምሴ የምንላቸው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጎሮ በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። በማግስቱ በሳሊተ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ተቀብረዋል። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ በኤርፖርት ካርጎ አብራችኋቸው ጭነት ላነሣችሁ፣ ለጎሮ ዕድርተኞች፣ ለእኅታቸው ለእትዬ ብርቄ። ብዙዎቻችሁ የማታውቁትን፣ እሳቸው ግን በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት በየጠዋቱ የኖሩበትን አንድ ነገር ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። የምናዘዘውም ነገር አለኝ።

በቀብሩ ዕለት ሳጥኑን ሊያነሡ የቀድሞ ባልደረቦቻቸው አራት ሆነው ቀረቡ። ጎንበስ አሉና አንዱ «ያዝኩ» አለ። ሁለተኛው «ያዝኩ»፣ ሦስተኛው «ያዝኩ»፣ አራተኛውም ትንሽ ቆይቶ «ያዝኩ»። ሳጥኑ ብድግ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ልማድ ሆኖባቸው እንጂ ለወግ ብለው አልነበረም። እኔ ግን ቀባሪው መሀል ቆሜ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጫንኩ። አንዲት የማላውቃቸው እናት ክንዴን ይዘው «አይዞሽ፣ አባትሽ ናቸው?» አሉኝ። አይደሉም። ምኔ እንደሆኑ ለመናገር ይህን ሁሉ መጻፍ ነበረብኝ።

ሳምራዊት እባላለሁ። ዕቃ ከጉምሩክ በሚያስወጣ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊም ተላላኪም ነኝ። ከጋሽ ደምሴ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። እሳቸው የጫኝና አውራጆች ፎርማን ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ገና ሥራ የጀመርኩ፣ እግሬም አፌም የማያርፍ። አንድ ቀን የደንበኛ ማሽን መኪና ላይ እስኪጫን መጠበቅ አቅቶኝ ጮህኩ።

«ጋሼ፣ ኧረ በእናትዎ ቶሎ ያንሡልኝ! ባለቤቱ ሊገለኝ ነው!»

ቀና እንኳ አላሉም። «ልጄ፣ ሦስቱ ይዘዋል። አራተኛው ጓንቱን እያጠለቀ ነው» አሉኝ። «እሱ ሳይዝ ብናነሣ የማን ወገብ ነው የሚሰበረው?»

ሕጋቸው ይህ ነበር፤ ከባድ ነገር ሲነሣ እያንዳንዱ በገዛ አፉ «ያዝኩ» ሳይል ማንም አያነሣም። ወጣቱ ሽማግሌውን ይጠብቃል፣ የሰለጠነው አዲሱን ይጠብቃል። «ጉልበት ያለው ሞልቷል» ይሉ ነበር፤ «የጠፋው መጠበቅ የሚችል ነው።»

አንድ ቀን ከዐረብ አገር የአንዲት ወጣት አስከሬን መጣ። ሊቀበሏት የመጡት እናቷ ብቻ ነበሩ፤ ከወሎ በአውቶቡስ ብቻቸውን የመጡ። ሳጥኑ እንደማንኛውም ጭነት በፎርክሊፍት ማንሻ ሊወጣ ሲል ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አነሡ። «እሷ ዕቃ አይደለችም» አሉ። ሦስት ሰው ጠርተው አራተኛው ራሳቸው ሆኑ። «ያዝኩ» ተባብለው ሊያነሡ ሲሉ እናትየው ጠጋ ብለው የሳጥኑን ጥግ ዳሰሱ። ጋሽ ደምሴ ገባቸው። «እናቴ፣ እርስዎም ይበሉ። እንጠብቃለን» አሏቸው። ሴትዮዋ ቃል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ከኋላ የመኪና ጥሩምባ ይጮኻል፤ ጋሽ ደምሴ ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ እናትየው ቅጥን ባለች ድምፅ «ያዝኩ» አሉ። ከዚያ ተነሣች።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ጎሮ ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ አንድ የድንጋይ ግንብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ተወልደው ያደጉበት የገበሬ መንደር ኮንዶሚኒየም ሆኗል። «የአባቴ ማሳ ያቻት፣ ልብስ የተሰጣባት በረንዳ ሥር ነው» ብለው እያሳዩኝ ሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

«ቀኑን በምን ያሳልፋሉ፣ ጋሼ?»

«ታክሲ አያለሁ።»

«ወዴት ሊሄዱ?»

«የትም። ሰው ሲሄድ ማየት ነው እንጂ።»

እኔስ ምን እሻል ነበር! ሳሊተ ምሕረት ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ፤ ከሥራ ስመለስ በር የሚከፍትልኝ የለም፣ ያለኝ ስልኬ ነው። ስልኬ ውስጥ ደግሞ አንድ ጨዋታ ነበረ። አዝኜም ይሁን አፌ አምልጦኝ፣ «ጋሼ፣ ለምን እኛ ጋ አይገቡም?» አልኳቸው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ተሰብስበን ታሪክ እንጽፋለን። ታሪኩ የድሮ ሲራራ ነጋዴዎች ጉዞ ነው፤ በበቅሎ ጨው ጭነን ከገበያ ወደ ገበያ እንሄዳለን። እያንዳንዳችን አንድ ሰው አለን፤ ያ ሰው የሚናገረውንና የሚያደርገውን የሚጽፈው ባለቤቱ ብቻ ነው። መንገዱን፣ ዝናቡን፣ ወንዙን ማንም ይጽፋል። የሌላውን ሰው ማናገርና ማራመድ ግን ነውር ነው፤ ከዚህ የከፋ ጥፋት የለንም። እኔ የሲራራው አለቃ ነበርኩ። ገርጂ ሱቅ ያላት ከድጃ መድኃኒት ዐዋቂ ሴት ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ኪሩቤል ጠመንጃ ያዥ ነው። እኛ ሦስታችን በአካል ተያይተን አናውቅም። ጋሽ ደምሴ ሲገቡ ጥቂት አሰቡና ቢራቱ የሚባል ሽማግሌ ሆኑ፤ ከመጨረሻዋ በቅሎ ኋላ የሚሄድ። ትልቅ ሰው ይሁኑ ብለን ብንለምናቸው «የወደቀ ዕቃ የሚያየው ኋለኛው ነው» አሉን።

ያኔ ግሩፑ ሊፈርስ ምንም አልቀረውም። ኪሩቤል መምህሩ እያስተማረ በአንድ ሰዓት ሃያ ጽሑፍ ይልካል፤ እኔም እግር በእግር እከተለዋለሁ። ከድጃ ስኳርና ዘይት ሸጣ ስልኳን ስትከፍት ያላየችው ጦርነት ተጀምሮ አልቋል። አንድ ቀን በድምፅ ላከችብን። «ወላሂ ሰልችቶኛል! እኔ ደንበኛ ሳስተናግድ ሲራራው ሁለት ጊዜ ተማርኮ ሁለት ጊዜ ተፈቷል። ጨዋታው የሁለታችሁ ከሆነ ንገሩኝና ልውጣ!»

ጋሽ ደምሴ የሚጽፉት በቀን አንድ ጊዜ ነበር፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በአንድ ጣት። በማግስቱ የጻፉት ይህ ነው፦ «ልጆች፣ አራት ሰው የያዘውን ሁለቱ ብቻ ካነሡት ይገለበጣል። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር በሆነ ቁጥር ሁላችንም ‹ያዝኩ› እንበል። አራቱ ሳይሞላ በቅሎ አትንቀሳቀስም።»

«በዚህ አካሄድ መቼ ልንደርስ ነው?» ብዬ ጻፍኩ።

«የት?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አንገሸገሸኝ። በቀን፣ አንዳንዴም በሁለት ቀን አንድ እርምጃ! ስጣደፍ «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ካሉ ለማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እያደር ግን ለመድኩት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከድጃ ዛሬ ምን ትል ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ጊዜ ስታገኝ እንዴት አድርጋ እንደምትጽፍ ያወቅነውም ያኔ ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል በቅሎዎቹ ጆሯቸውን እንዴት እንደሚያዞሩ የጻፈችውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ኪሩቤል እንኳ ረጋ አለ። አራታችን እኩል መራመድ ጀመርን፤ እኔም ብቻዬን መሆኔን ለብዙ ወራት ረሳሁት።

አንድ ሐሙስ ታይፎይድ ጥሎኝ ተኛሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማን እናገራለሁ? ከቀትር በኋላ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው አጥሚት የያዘ ፔርሙዝ፣ በሌላው ሎሚ። ቤቴን ሰው ጠይቀው ጠይቀው ነው ያገኙት።

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«የአንቺ ‹ያዝኩ› ዘገየ» አሉኝ። «አንቺ ደግሞ አትዘገዪም።»

ወደ ውስጥ አልገቡም። ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት ነው ብለው ደጃፍ ላይ ዱካ ላይ ተቀመጡና አጥሚቱን እስክጨርስ ጠበቁ።

ኪሩቤል ፈተና ወድቆ የጠፋ ጊዜም ጉዞውን አስቆሙት፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቢራቱ አንድ ትንሽ ነገር ያደርጋል። የላላ ጭነት ያጠብቃል፤ የበቅሎ ሰኮና ያያል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ለጠፋው ጠመንጃ ያዥ መኝታ ያነጥፋል። ሌላ ምንም አይሆንም። «ሲመለስ ያመለጠው ነገር መኖር የለበትም» አሉን። ለራሱም ደውለውለት ኖሯል። ስለ ፈተናው አንድ ቃል አላነሡም፤ «በቅሎዎቹ ሰላም ይሉሃል» ብለው ብቻ ዘጉ። በዐሥራ አምስተኛው ቀን ኪሩቤል «ያዝኩ» ብሎ ጻፈ። ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል ቢሮ ውስጥ አለቀስኩ።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልምጣ።

ክረምቱ መግቢያ ላይ ሲራራችን አንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ደረሰ። እኛ ሦስታችን «ያዝኩ» አልን። ጋሽ ደምሴ ዝም አሉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ያ ሳምንት ለእኔ ክፉ ነበር። ቢሮው ሠራተኛ ሊቀንስ ነው ተብሎ ሁሉም አኩርፏል፤ ከሰው ጋር አንድ ወሬ ሳላወራ ውዬ እገባለሁ። ስልኬን ስንቴ እንደምከፍት እኔ ነኝ የማውቀው። ብቸኛ ለሆነ ሰው ዝምታ ንቀት ይመስለዋል፤ «ሰልችተናቸዋል ማለት ነው» አልኩ። ከድጃ «እንጠብቅ እንጂ! ኪሩቤልን ጠብቀን የለም እንዴ?» አለች። አልሰማኋትም።

በስድስተኛው ቀን ደሜ ፈላና ጻፍኩ። አለቃዋ ተሻገሩ ብላ አዘዘች፤ በቅሎዎቹ ገቡ፤ ወንዙ ከኋላችን ሞላ። ኪሩቤል ተከተለኝ፤ ከድጃም ሳትወድ ተከተለች። ሽማግሌው ቢራቱ ማዶ ቀረ። የእሳቸውን ሰው አልነካሁም፣ ሕግ አልጣስኩም ብዬ ራሴን ደለልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «የዘገየ ይደርሳል» የሚል ጨመርኩበት። የስልክ ቁጥራቸው እጄ ላይ ነበር። «መቼ ነው የሚጽፉት?» ብዬ ሁለት ጊዜ ልኬላቸዋለሁ። ደህና ነዎት ወይ ብዬ ግን አንድ ጊዜ አልደወልኩም።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጽሑፋቸው መጣ። «ቢራቱ ከወዲያ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወንዙ ሞልቷል። ለሚሄዱት እጁን አወዛወዘላቸው። ‹ሂዱ ልጆች፣ ሲጎድል እደርሳለሁ› አለ። ይስሙት አይስሙት አላወቀም።»

ደጋግሜ አነበብኩት፤ ግን እልኸኛ ነኝ። መመለስ ቀላል ነበር፤ «ሲራራው ተመለሰ» ብሎ መጻፍ፣ አለቀ። አልጻፍኩም። እሳቸው በዚያው ቀን በድምፅ ላኩልኝ፦ «ሳምሪ፣ ደህና ነሽ ወይ? አንቺ እንዲህ የምትጣደፊው የከፋሽ ነገር ሲኖር ነው።» ድምፃቸው ደከም ያለ ነበር። እሱን ሰምቼም፣ «ደህና ነኝ ጋሼ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብዬ በጽሑፍ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ አልጻፉም። እኛም ከወንዙ ማዶ ፈዘን ቆምን፤ ማንም የሚቀጥለውን መስመር መጻፍ አላሻውም። ሦስት ሳምንት አለፈ። ማክሰኞ ዕለት ካርጎ በር ላይ አንድ ጫኝ አስቆመኝና «ሰማሽ? ጋሽ ደምሴ ዐረፉ» አለኝ።

ከቀብሩ መልስ ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሁሉም ይተዋወቃል፤ እኔን የሚያውቀኝ የለም። ለግሩፑ «መጥቻለሁ፣ መሀለኛው ምሰሶ አጠገብ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው አጠገቤ የተቀመጠች ጥቁር ሻሽ ያሠረች ሴት ስልክ ጮኸ። ተያየን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ነበር። «ሳምሪ?» ስትል ድምፅዋን ለየሁት። ተቃቅፈን አለቀስን። ከወንዶቹ በኩል ደግሞ አንድ ረጅም ልጅ ስልኩን እንደያዘ ቆሞ ወደ እኛ ያያል፤ ኪሩቤል ነበር።

እትዬ ብርቄ መጥተው አጠገባችን ተቀመጡ። «የኤርፖርት ልጆች ናችሁ?» አሉን። አዎ አልን፤ ሌላ ምን እንበል? ሕመሙ የልብ እንደነበረ፣ ክረምቱ መግቢያ ላይ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኝተው እንደወጡ ነገሩን። ተጣድፈው ሲወስዷቸው ስልካቸው ቤት ቀርቶ ነበር።

«ወንድሜ ያኔ ሐሳቡ ይዛባ ነበር» አሉ እትዬ ብርቄ። «‹ሰዎች ወንዝ ዳር ቆመው እየጠበቁኝ ነው፣ ስልኬን አምጡልኝ› ይለኛል። ‹የምን ወንዝ? የምን ሰው?› ስለው፣ ‹ያለ እኔ አይሻገሩም፤ ዝናብ ላይ አቆምኳቸው እኮ› ይላል። ትኩሳቱ ነው የሚያናግረው ብለን ጸበል ረጨነው።»

ከድጃ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ይህን ያሉት በስንተኛው ቀን እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

«ትኩሳት አይደለም፣ እትዬ» አልኳቸው። «እውነታቸውን ነው። ሰዎቹ እኛ ነን።» ስለ ጨዋታው እንደምንም ብለን አስረዳናቸው። በቅሎውም ሲራራውም ብዙ የገባቸው አይመስለኝም። አንድ ነገር ግን ገባቸው።

«እንግዲያው ሰው ነበረው» አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። «እኔ ብቻውን የሚውል ይመስለኝ ነበር።»

ያን ቀን የነገርኳቸው ግማሹን ነው። እንዳልጠበቅናቸው፣ እንዳንጠብቅ ያደረግኩትም እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም፤ ፊታቸው ላይ ያየሁትን መጽናናት ልነጥቃቸው አልቻልኩም። እትዬ ብርቄ፣ ሌላው ግማሽ ይኸው። ይቅር ይበሉኝ። ከድጃና ኪሩቤል ጥፋቱ የሦስታችንም ነው ይላሉ፤ ለእኔ ብለው ነው።

ጋሽ ደምሴ፣ የቀረው ወሬዬ ከእርስዎ ጋር ነው። ትናንት ጠዋት ያን መስመር ጻፍኩት፤ ሲራራው ተመለሰ። ሦስታችንም ቢራቱ በቀረበት ዳር ጭነት አራግፈን ተቀምጠናል። ኪሩቤል «ተሸክመን እናሻግራቸው» አለ። ከድጃ «የሰው ሰው አይነካም» አለችው፤ እውነቷን ነው። ቢራቱን ከድንጋዩ ባስነሣው፣ እጁን ይዤ ባሻግረው፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባናግረው ደስ ባለኝ። ግን የእርስዎ ነው፤ ከእርስዎ በቀር ማንም አንዲት እርምጃ አያራምደውም። ቤቴ ገብቼ ስልኬን ስከፍት ጭር ይላል። ደህና ነዎት ወይ ብዬ አለመደወሌ ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል። እዚያ የሚቀበሉዎ መጠበቅን ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ይሁኑልኝ።

እኔ መጻፍ የሚፈቀድልኝን ብቻ ጻፍኩ። ዝናቡ አባርቷል፤ ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም። ወንዙ ጎድሏል፣ ጋሽዬ። ሲመችዎ ይሻገሩ።